ሴሲል ሃርግሮቭ እኔ ነኝ ያሉት ሽማግሌ

ይህ ነገር የገጠመኝ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ሆላንድ ውስጥ፣ ስኬቨኒንገን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት እሠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራም ሰፈርም ቀይሬያለሁ፤ ልጆችም አሳድጌያለሁ። ነገር ግን አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ «በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ተመራምሬአለሁ» ብሎ ሲጀምር ባየሁ ቁጥር ያ ዘመን ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ያኔ የያዘኝ ንቀት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ እንዲለቀኝም አልፈልግም።

ከሱዳን ወደ ሆላንድ ከመጣሁ ጥቂት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ሥራዬ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ ሻይ ማዞር ነበር። ሥራው አልከበደኝም። የከበደኝ የአገሩ ጨዋነት ነው። ሰውን በፈገግታ «አንተ ምንም አታውቅም» ማለት እንደሚቻል ያየሁት እዚያ ነው።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ባሕሩ ወለል ብሎ በሚታይበት ክፍል ውስጥ መነር ሄንድሪክ የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። መነር እዚህ አገር አቶ እንደ ማለት ነው። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጣታቸው ማለቂያ የሌለው ሰው ናቸው። እንደ ሌሎቹ የቤት ነጠላ ጫማ አያደርጉም። ሶሉ ስስ የሆነ፣ የተወለወለ ጥቁር የቆዳ ጫማ አድርገው ነው የሚውሉት። «ቤት ውስጥ ለምን እግርዎን ያስጨንቃሉ?» ስላቸው «እኔ በእግሬም የምሠራ ሰው ነበርኩ» አሉኝ። ፖስተኛ የነበሩ መስሎኝ አለፍኩት።

ኋላ ሲያስረዱኝ ነው የገባኝ። በእሳቸው ወጣትነት ፊልም ድምፅ አልነበረውም። ተዋንያኑ አፋቸውን ይከፍታሉ እንጂ አይሰሙም። ስለዚህ ትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች ከመጋረጃው ሥር ኦርጋን ያስቀምጡ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ዓይነት ኦርጋን አይደለም። ከበሮው፣ ደወሉ፣ የባቡር ጡሩምባው፣ የወፍ ፉጨቱ ሁሉ በውስጡ ያለበት ጉደኛ ዕቃ ነው። አንድ ሰው ተቀምጦ በእጁም በእግሩም እየተጫወተ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያጅባል።

«ዝናቡም እኔ፣ ፈረሱም እኔ ነበርኩ» ይላሉ መነር ሄንድሪክ። «ሲሳሳሙም እኔው ነበርኩ።»

እነዚህ ኦርጋን ተጫዋቾች በጊዜያቸው የታወቁ ሰዎች ነበሩ። ሸክላ ያስቀርጻሉ፤ ሕዝቡም ሸክላቸውን እየገዛ እቤቱ በግራሞፎን ያዳምጣል። ከዚያ የሚናገር ፊልም መጣ። ሲኒማ ቤቶቹ ኦርጋን ተጫዋቾቻቸውን እንደ ቆሻሻ ጠርገው ጣሉ። መነር ሄንድሪክም ብስኩት ፋብሪካ ገብተው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ብስኩት ሲያሽጉ ኖሩ።

እውነቱን ልናገርና የኦርጋን ድምፅ አልወድም። ሆዱ የተነፋ ሰው የሚያዜም ነው የሚመስለኝ። እሳቸውን ግን ወደድኳቸው፤ አይነጫነጩም፣ አያቃስቱም፣ ደግሞም ስሜን አስተካክለው የሚጠሩ ብቸኛው ነዋሪ ነበሩ።

ከነገሩኝ ሁሉ የደነቀኝ የስሙ ነገር ነው። ሸክላ ሊያስቀርጹ አምስተርዳም ሲሄዱ የኩባንያው ሰው «ሄንድሪክ የሚባል ሰው የተጫወተውን የዳንስ ሙዚቃ ማን ይገዛል?» ብሎ ሴሲል ሃርግሮቭ የሚል የእንግሊዝ ስም ለጠፈባቸው። ለታንጎው ደግሞ የስፓኝ ስም አወጣላቸው። ሄንድሪክ የሚለው የራሳቸው ስም የቀረው ለመዝሙሩ ብቻ ነው። የመዝሙር ሸክላ የሚገዙት ሲኒማ መግባት ኃጢአት ነው የሚሉ አጥባቂ ሰዎች ስለሆኑ፣ በዚያው ስም ዳንስ ከተጫወተ አይገዙትም። እና መነር ሄንድሪክ በአንድ ቀን፣ በአንድ ኦርጋን ላይ፣ ሦስት ሰው ሆነው ውለው ይገቡ ነበር። የእሳቸው ብቻ ተንኮል አልነበረም። የሙያው ልማድ ነበር።

«ውሉ የታለ ታዲያ?» አልኳቸው።

«በጦርነቱ ጊዜ ሮተርዳም በጀርመን ቦምብ ስትደበደብ ከቤቴ ጋር ተቃጠለ። ሸክላዎቹም እዚያው ቀሩ።»

አመንኳቸው። የማላምንበት ምክንያት አልነበረኝም፤ እኔም ብሆን ማንነቴን የሚናገር ወረቀት ሳልይዝ ነው ድንበር የተሻገርኩት።

አሁን ወደ ሰውዬው ልምጣ። መነር ቦደዋይን ይባላል። መነር የምለው ለወጉ ያህል ነው። ጡረታ የወጣ ውል አዋዋይ ሲሆን የሲኒማ ኦርጋን አፍቃሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ነበር። በየወሩ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የእኛ ቤት መመገቢያ አዳራሽ እየመጣ ለሽማግሌዎቹ አሮጌ ሸክላ ያሰማል። ቀይ ክራቫቱ ቢራቢሮ መስላ አንገቱ ላይ ተለጥፋለች። ሸክላውን የሚነካው ነጭ ጓንት አጥልቆ ነው። ሕፃን የሚያዋልድ እንኳ እንደዚያ አይጠነቀቅም። ሸክላው ካለቀ በኋላ ንግግሩ ይጀምራል፤ ንግግሩ ደግሞ አያልቅም።

የዚህ ሰው አምላክ ሴሲል ሃርግሮቭ ነበር። ማንቸስተር እንደ ተወለደ፣ ከባላባት ወገን እንደሆነ፣ የሚወዳት ልጅ ሌላ እንዳገባችበት፣ ሳንባውን ታሞ በወጣትነቱ እንደ ሞተ፣ ሁሉንም ያውቃል። ከየት አወቀው? ከአጨዋወቱ! «ግራ እጁ ላይ ያለውን ሐዘን አድምጡ» ይላል ዓይኑን ጨፍኖ። «ያልተከዳ ሰው እንዲህ አይጫወትም።» በቀለም ያሣለውን የሃርግሮቭን መልክ ሳይቀር ክፈፍ ውስጥ አድርጎ ይዞ ይመጣ ነበር። ሠዓሊው ማንን አይቶ እንደሣለው እግዜር ይወቅ።

የሚያስቀው ደግሞ ይህ ሰው የመነር ሄንድሪክን የመዝሙር ሸክላ ያውቀው ነበር፤ ይንቀዋልም። «በዚያው ዘመን ከእኛው አገር ሰዎች እንዴት ያሉ ሥጋ ቆራጮች ኦርጋን ላይ ይቀመጡ እንደነበር ለማወዳደር ያህል» እያለ ሸክላውን ያሰማና ሰዉን ያስቃል። መነር ሄንድሪክ ከኋላ ተቀምጠው በአንድ ከሰዓት ውስጥ እንደ ሃርግሮቭ ሲሰገድላቸው፣ እንደ ሄንድሪክ ሲሰደቡ ይሰማሉ።

ብዙ ወር እንዲህ አለፈ። አንድ እሑድ ግን የሃርግሮቭ ሸክላ እንዳለቀ ተነሥተው ቆሙ።

«ይህን የተጫወትኩት እኔ ነኝ» አሉ። «አላገባችብኝም። ያገባችው እኔን ነው፤ ሦስት ልጅ ወልደናል።»

ቦደዋይን ያንን የአገሩን ፈገግታ ፈገግ አለ።

«በየአረጋውያኑ ቤት አንድ ሃርግሮቭ አላጣም» አለ። ሰው ሳቀ። እኔ የያዝኩትን የሻይ ማንቆርቆሪያ አናቱ ላይ ብገለብጥበት ደስ ባለኝ።

በሚቀጥለው ወር መነር ሄንድሪክ ንግግር አላበዙም። ሰውዬው ስለ ማንቸስተር ማውራት ሲጀምር ተነሥተው በእነዚያ ስስ ጫማዎች ቀስ ብለው ሄዱና የግራሞፎኑን መርፌ አነሡት። ይኸው ነው። ቦደዋይን ግን በጩቤ የተወጋ ይመስል ጮኸ።

በማግስቱ ዙስተር ኢነከ ጠራችኝ። ዙስተር እዚህ አገር ነርስ ማለት ነው፤ ኢነከ የፎቁ ኃላፊ ናት። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ወረቀት ታምናለች፣ የተማረ ሰው ታምናለች፣ በቃ።

«መነር ሄንድሪክ ራሳቸውን ሌላ ሰው ነኝ ማለት ጀምረዋል» አለችኝ። «አሁን ደግሞ እጃቸው ማረፍ አቃተው። ወደ ዝግ ክፍል ይዛወራሉ።»

ዝግ ክፍል ማለት አእምሯቸው የከዳቸው ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት፣ ከሮተርዳም ወጣ ብሎ ያለ ሌላ ቤት ሲሆን በሩ ከውጭ ይቆለፋል። ባሕር የለም፣ ጠዋት ጠዋት በባሕሩ ዳር መንሸራሸር የለም። እዚያ የገባ ሰው ደግሞ ወደ እኛ ሲመለስ አይቼ አላውቅም።

«እውነታቸውን ቢሆንስ?» አልኳት።

«መነር ቦደዋይን አይደለም ይላል።»

«እሱ በምን ያውቃል?»

«አልማዝ፣ በአገሩ እንደ እሱ ይህን ነገር የሚያውቅ የለም። እሱ ራሱ እውነት ነው ካለኝ ዛሬውኑ የማዛወሪያውን ወረቀት እቀደዋለሁ።»

እንግዲህ የመነር ሄንድሪክ ክፍል በዚያ ክራቫት አሳሪ አፍ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። እሳቸው እውነተኛ ከሆኑ እሱ ዕድሜውን ሙሉ ያወራው ሁሉ ውሸት ሊሆን ነው። ዳኛ አድርገው የሾሙልን ይህን ሰው ነው።

ሆኖም ተስፋ አልቆረጥኩም። ማኅበሩ በዓመት አንድ ጊዜ አምስተርዳም ባለ አንድ አሮጌ ሲኒማ ቤት ይሰበሰብ ነበር፤ እዚያ የድሮው ኦርጋን ዛሬም ይሠራል። ዙስተር ኢነከ ሰውዬውን ለመነችልኝና መነር ሄንድሪክ በፕሮግራሙ መጨረሻ ጥቂት ደቂቃ እንዲጫወቱ ፈቀደ። ደስ ብሎት ነው የፈቀደው። ሽማግሌውን በሰው ፊት አዋርዶ ሊገላገላቸው አስቦ እንደነበር አሁን ይገባኛል።

መኪና ስላልነበረኝ ጋሽ ተኽለን ጠየቅሁ። ጋሽ ተኽለ መርከበኛ ሆነው የመጡ፣ ያኔ የሮተርዳም ወደብ መጋዘን ውስጥ የሚሠሩ የአስመራ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል፣ አነዳዳቸው ግን ያስለቅሳል። መኪናቸውን አጥበው፣ ሱፍ ለብሰው መጡ።

«አንቺ፣ ሰርግ አይደለም እንዴ?» አሉኝ መነር ሄንድሪክን ብቻ ሲያዩ።

«ኦርጋን ልንሰማ ነው ጋሼ።»

«ቅዳሜዬን ለኦርጋን!» አሉና እያጉረመረሙ የኋላውን በር ከፈቱላቸው።

መንገድ ላይ መነር ሄንድሪክን እንደ ልጅ መከርኳቸው። «ዛሬ ክርክር የለም። ፈገግ ይበሉ። የጠየቁዎትን ይጫወቱና ሰውዬውን አመስግነው ይውረዱ። ክፍልዎ ያለው በእሱ አፍ ላይ ነው።»

«ገብቶኛል» አሉኝ። ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ይንቀሳቀሱ ነበር።

ሲኒማ ቤቱ በማኅበሩ ሰዎች ተሞልቶ ነበር። ሁሉም አንድ ዓይነት ሽማግሌ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ሹራብ። ኦርጋኑ ነጭና ወርቃማ፣ የሰርግ ኬክ የመሰለ ነገር ነው። ፊት ለፊቱ አንድ ሰው የቴፕ መቅጃ ደግኖ ተቀምጧል። እነዚህ ሰዎች ሳል ቢያስሉ እንኳ ይቀዱታል። ሁለት ሰዎች እየተፈራረቁ ተጫወቱ። ጋሽ ተኽለ እንቅልፋቸውን ለጠጡ፤ አልፈረድኩባቸውም።

በመጨረሻ ቦደዋይን መድረኩ ላይ ወጣ። «አሁን በዘመኑ መዝሙር ይጫወቱ የነበሩ አንድ እንግዳ አሉን» አለ። «ስለ ራሳቸው አንዳንድ ነገር ያምናሉ። እባካችሁ ቸር እንሁን።»

መነር ሄንድሪክ ወጥተው ተቀመጡ። እጃቸውን ኦርጋኑ ላይ አሳረፉና ቀና ብለው ባዶውን መጋረጃ አዩ።

«ፊልሙ የታለ?» አሉ።

«ፊልም የለም» አለ ቦደዋይን። «የሃርግሮቭን ሙዚቃ ይጫወቱልን እንጂ።»

ዝም ብለው ተቀመጡ። ሰዉ ማሳል፣ መንሾካሾክ ጀመረ። መነር ሄንድሪክ በኋላ እንደነገሩኝ በሙያ ዘመናቸው ሁሉ እጃቸውን እያዩ ተጫውተው አያውቁም፤ ሸክላ ሲያስቀርጹ እንኳ የኩባንያውን ሰው ፊታቸው አቁመው እሱን እያዩ ነበር የሚጫወቱት። ዓይናቸው የሚከተለው ነገር ከሌለ ጣታቸው አይነሣም። ያኔ ግን ይህን አላወቅሁም። አእምሯቸው የከዳቸው መስሎኝ «በቃ አለቀልን» አልኩ።

ቦደዋይን ጊዜው ደርሷል ብሎ ፕሮግራሙን ሊዘጋ ከመድረኩ ጥግ ወደ መሀል መራመድ ጀመረ። አንድ እርምጃ ሲራመድ ኦርጋኑ ከሥር «ቡም» አለ። ሌላ ሲራመድ «ቡም»። ቆመ፤ ኦርጋኑም ቆመ። ዞር ብሎ አየ፤ አንዲት ቀጭን ፉጨት እንደ ጥያቄ ወጣች። ግንባሩን በመሐረብ ሲጠርግ ትንሽ ደወል ተንጫጫች። ሊናገር ጣቱን ሲያነሣ ጡሩምባ ተነፋለት፤ አፉን ሲከፍት ደግሞ ምን እንደሆነ የማላውቀው፣ ዳክዬ የመሰለ ነገር ጮኸ። መነር ሄንድሪክ ፊልማቸውን አግኝተዋል!

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ተኽለ ብድግ ብለው ነቁ። ሰውዬው ፊቱ እንደ ክራቫቱ ቀልቶ ሲሸሽ፣ ከኋላው የባቡር ጡሩምባ ሸኘው። እኔ እየሳቅሁም እየፈራሁም ነበር።

ከዚያ ሳያቋርጡ ወደ ሃርግሮቭ ሙዚቃ ገቡ። ያ እሑድ እሑድ የጠገብኩት ሙዚቃ ነው፤ እዚያው አጠገቤ ሸክላው የሚዞር ነው የመሰለኝ። ማለቂያው ላይም ልክ እንደ ሸክላው፣ ያለ ማዘግየት፣ ቁርጥ አድርገው አቆሙት። ሰዎቹ ጆሮ አላቸውና ምን እንደ ሰሙ አውቀዋል። እኔ ግን መቻል አልሆነልኝም፤ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ እልልታዬን ለቀቅሁት።

ደቾች እልልታ ሰምተው አያውቁም። አደጋ የደረሰ መስሏቸው በሙሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ፖሊስ ልታስጠሪብን ነው» አሉ ጋሽ ተኽለ፤ እሳቸው ግን እያጨበጨቡ ነበር።

መውጫው ላይ ቦደዋይንን ያዝኩት። ከንፈሩ ነጥቷል።

«ሰሙ አይደለም?» አልኩት። «እሳቸው ናቸው!»

«ግሩም ቅጂ ነው» አለኝ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም። «ከሸክላው አጥንተውታል። ያሳዝናል፤ በሽታው ሥር ሰዷል።»

ሰኞ ለዙስተር ኢነከ ያንኑ ነገራት። «በሰው ፊት ጥቃት አድርሰውብኛል» ብሎም ጨመረበት። ወረቀቱ አልተቀደደም። በዚያው ሳምንት መነር ሄንድሪክን ወሰዷቸው።

በጣም ነበር የተናደድኩባቸው። «ፈገግ ይበሉ አላልኩዎትም?» አልኳቸው ልብሳቸውን ሻንጣ ውስጥ ሳጣጥፍ።

«ፊልም አልነበረማ» አሉኝ። «ምን ላድርግ?»

ዝግ ክፍሉ ድረስ ሄጄ ጠየቅኋቸው። የቤት ነጠላ ጫማ አድርገውላቸው መስኮት በሌለው ኮሪደር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጢማቸው አልተላጨም። ስለ ኦርጋን አንድም ቃል አላወሩም፤ ስለ ምግቡ ብቻ ነገሩኝ። እየተመለስኩ አውቶቡስ ውስጥ አለቀስኩ።

ትንሽ ቆይቶ ያ የወሩ እሑድ ደረሰ። ቦደዋይን ክራቫቱን አስሮ፣ ሥዕሉን ተሸክሞ መጣ። በዚህ ጊዜ የያዘው ሸክላ አልነበረም፤ ካሴት ነው። ታላቅ የምሥራች እንዳለው ተናገረ። እስከ ዛሬ ማንም ሰምቶት የማያውቅ የሴሲል ሃርግሮቭ ቅጂ ተገኝቷል። ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀረው የተጫወተው ነው። ማኅበሩ አጽድቶ በካሴት አባዝቶታል፤ የሚፈልግ መግዛት ይችላል።

ካሴቱን አጫወተው። እኔ ሻይ እያዞርኩ ነበር። ሙዚቃው እንደ ተጀመረ ጆሮዬ ቆመ። ዓይኑን በጨው አጥቦ የአምስተርዳሙን ቀን ነው ያመጣው! የሚያስቀውን ክፍል፣ የእሱን ውርደት፣ ቆርጦ ጥሎታል። የቀረው ሙዚቃው ብቻ ነው። ጆሮው ሃርግሮቭን ሲሰማ ያውቃል ማለት ነው። ያን ቀንም አውቋል። አውቆ ነው ሽማግሌውን ያስቆለፈባቸው።

ሙዚቃው ቁርጥ አለ። ልክ ከማለቁ፣ ቴፑ ሳይቋረጥ፣ «እልል» የምትል ነገር ወጣችና ተቆረጠች።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች ዙስተር ኢነከ። እሷም ሻይዋን ይዛ ከጥግ ቆማ ነበር።

ቦደዋይን ትንሽ ደነገጠ። ግን ዕውቀት ለተሸከመ ሰው መልስ አይጠፋም። «አህ!» አለ ዓይኑን ጨፍኖ። «ይህ የኦርጋኑ የወፍ ድምፅ ነው። ሃርግሮቭ ይህን ወፍ እንዴት ያናግራት እንደነበር ዛሬ ማንም አያውቅም። ምስጢሩን ይዞት ሞቷል።»

ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እጄን በሽርጤ ጠረግሁ። አዳራሹ መሀል ቆሜ፣ ያለኝን ትንፋሽ ሁሉ ሰብስቤ፣ እልልታውን አቀለጥኩት።

አንዲት አሮጊት ጆሮዋን ያዘች። አንድ ሽማግሌ ሳቀ። ቦደዋይን ዓይኑን ገለጠ፤ ቆሌው ተገፈፈ።

«ወፏ እኔ ነኝ» አልኩት። «አምስተርዳም ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። መነር ቦደዋይን፣ ሃርግሮቭ ሲሞት እኔ አልተወለድኩም ነበር።»

ዙስተር ኢነከ ሻይዋን አስቀመጠች። ሄዳ ካሴቱን ወደ ኋላ መለሰችና መጨረሻውን እንደገና አሰማች። ወደ እኔ ዞራ «አንድ ጊዜ ድገሚልኝ» አለች። ደገምኩላት። ፊቷ ከአንገቷ ጀምሮ ቀላ። ማሽኑን ዘግታ «መነር ቦደዋይን፣ ቢሮዬ ይግቡ» አለችው። እስከዚያች ቀን ዙስተር ኢነከን አልወዳትም ነበር።

መነር ሄንድሪክ ተመለሱ። ከስተዋል። ክፍላቸው ለሌላ ሰው ሳይሰጥ ደርሰንበታል። ጥቁሩን ጫማ ራሴ አደረግሁላቸውና መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ባሕሩን ሲያዩ ዋሉ። እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ እኔም ደስ ባለኝ።

አላለቀም። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ማኅበሩ በእኛ አዳራሽ ድግስ አዘጋጀ። የተነገረን ምክንያት ይህ ነው፦ ሊቀ መንበሩ ከረጅም ጊዜ ምርምር በኋላ ሴሲል ሃርግሮቭ በሕይወት መኖራቸውን ደርሰውበታል! አዎ፣ ያው ሰውዬ፣ ያቺው ክራቫት። መድረክ ላይ ቆሞ እውነቱን እንዴት ደረጃ በደረጃ እንዳገኘ፣ ሁልጊዜም ጥርጣሬ እንደነበረው ተረከ። ስለ ዝግ ክፍሉ ምንም አላለም። ስለ ወፏ ምንም አላለም። አበባ ይዞ መጥቶ መነር ሄንድሪክ እግር ሥር ሊንበረከክ ምንም አልቀረው። እኔ ብስኩት እያዞርኩ ምራቄን ዋጥኩ፤ መትፋት አይፈቀድማ።

አሁን መነር ሄንድሪክ ልክ ያገቡታል ብዬ ጠበቅሁ። ተነሡ።

«እውነት ነው» አሉ። «ማንቸስተር ነው የተወለድኩት። አንዲት ልጅም ነበረች።»

ሸክላዎቹን አንድ በአንድ አቀረበላቸው፤ እሳቸውም እየተጠነቀቁ ሴሲል ሃርግሮቭ ብለው ፈረሙለት። ሰውዬው አለቀሰ። የምሩን ነው ያለቀሰው፤ እንባው ክራቫቱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። እኔ ሳህኑን አስቀምጬ ወጣሁ።

ወደ ክፍላቸው ሲገቡ ተከትያቸው ገባሁ። ቁጣዬን መደበቅ አልቻልኩም።

«ይህን ሁሉ የደከምኩት ለዚህ ነው?» አልኳቸው። «ያስቆለፈብዎት ሰው እኮ ነው! የማንቸስተሩን ውሸት ለምን አጸደቁለት?»

ጫማቸውን እየፈቱ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ።

«አልማዝ፣ አንቺ ኦርጋን ትወጃለሽ?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ዙስተር ኢነከም አትወድም። ሚስቴም አትወድም ነበር፤ ልጆቼ ሸክላዬን አንድ ቀን እስከ መጨረሻው ሰምተው አያውቁም። ይህ ሰው ግን ግራ እጄን ብቻ ለይቶ ዕድሜውን ሙሉ ያዳመጠኝ ሰው ነው። ታሪኩ የፈጠራ ነው። ሲያዳምጥ ግን ያለቀሰው በእኔ እጅ ነው። ማንቸስተርን ብነሣው ከእኔ ጋር ማን ይቀርልኛል?»

ጫማቸውን ተቀብዬ አልጋቸው ሥር አስቀመጥኩና ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ቦደዋይን በየሳምንቱ እየመጣ ይጎበኛቸው ነበር። በሩን በከፈትኩ ቁጥር እሳቸው ሲያወሩ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ አገኘዋለሁ። ሻዩን ሳቀብለው አላናግረውም። እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ አንድም ሳምንት ሳይመጣ አልቀረም።

ያንን ሰው እስከ ዛሬ እንቀዋለሁ። ውሸታም ነበር፣ ሌባ ነበር፣ ፈሪ ነበር፤ አንዱንም አልቀንስለትም። ግን አንዳንድ ቀን ከሥራ ስገባ ልጆቼ ደችኛቸውን ሲያወሩ፣ እኔ የማወራውን ግማሹን እንኳ ሳይሰሙኝ «እሺ እማ» ሲሉኝ፣ ያ የተዘጋ ዓይኑ ትዝ ይለኛል። እንደዚያ አድርጎ የሚያዳምጠኝ አንድ ሰው ባገኝ፣ የፈለገውን ስም ያውጣልኝ እላለሁ።